ምድጃ አለ ወይስ የውሃ ማፍያ ብቻ?

እትዬ ዕቃ ከመመዘናቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ወዴት ነው? ስንት ቀን ነው? ምድጃ አለ ወይስ የውሃ ማፍያ ብቻ? ሦስቱም ካልተመለሱ ሚዛኑን አይነኩትም።

ሱቁ አራት ኪሎ ነው። ከአደባባዩ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ላይ፣ አንድ ፎቅ ሥር። ታፔላው «ባልትና» ብቻ ነው የሚለው። ደንበኞቹ «እትዬ ጋ» እንላለን። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ባልትና ቤት ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። ልዩ የሚያደርገው ለመንገደኛ ስንቅ ማሰናዳቱ ነው። በተለይ እንደ እኔ ለሥራ ውጭ አገር ለሚመላለስ ሰው። ስምንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ስድስቱን ዓመት፣ ከአራት ወር ያህል በቀር፣ ያለ እትዬ ስንቅ ከቦሌ ተነስቼ አላውቅም።

እኔ ኦዲተር ነኝ። መሥሪያ ቤቴ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ቅርንጫፎች አሉት። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ እወጣለሁ። አንዳንዴ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሉሳካ፣ ዳካር። ሁለቴ ጄኔቫ ሄጃለሁ። ሰው «ውጭ አገር ለሥራ» ሲባል የሚታየው አውሮፕላኑና ሆቴሉ ነው። አልፈርድም፣ እኔም ከመጀመሬ በፊት እንደዚያ ነበር የሚታየኝ። ቀኑ ችግር የለውም። ቀን ሥራ ነው፤ ፋይል ይገለበጣል፣ ደረሰኝ ይመሳከራል፣ ሰው ይጠየቃል። ከባዱ ምሽቱ ነው። የሆቴሉ በር ከኋላ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ። ጫማ ሲወልቅ። አገር ቤት ቢሆን ገና ከበር «ምን በላሽ?» የሚል ሰው አለ። እዚያ የለም። ሰው ሳይጠይቅህ የምትበላው እራት እንዴት እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ስንቄን የምታዘጋጅልኝ እናቴ ነበረች። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ለወር የሚበቃ ትቋጥርልኛለች። እውነቱን ለመናገር ስንቅ መያዝ የጀመርኩት ናፍቆት አስጨንቆኝ አይደለም። ውሎ አበሌን ለመቆጠብ ነው። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበረብኝ። ከውሎ አበል የተረፈችው ገንዘብ አንድ ተርም ትሸፍናለች። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያደርገው ግን ብዙ ነው። ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ቆሎ እየቆረጠሙ ራት ያለፉ፣ በተረፈው ቤት የሠሩ፣ ወንድም ያስተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። ክብር ይገባቸዋል።

በኋላ የእናቴ ጉልበት ደከመ። በርበሬ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ መደለዝ፣ ማስጣት፣ ማመስ፣ ማስፈጨት። «ተይው እማዬ» አልኳት። ከገበያ ገዝቼ ራሴ በላስቲክ ቋጥሬ ሄድኩ። ናይሮቢ ደርሼ ሻንጣውን ስከፍት ላስቲኩ ፈንድቷል። ለማግስቱ ስብሰባ የያዝኩት ነጭ ሸሚዝ ቀልቷል። የልጄ ፎቶ የነበረበት ፖስታ ሳይቀር በርበሬ ጠጥቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሸሚዙ አይደለም። ያን ቀን የአጎቴን ቀብር ቀርቼበት ነበር። ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ሰው ሆኜ፣ ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ ቤቴን የሚሸት ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ለቅሶ መድረስ አለ፣ ግን ከቀብር እኩል አይሆንም። ዘመድ «ሥራ ላይ ነበረች» ይላል። ይቅር ይልሻል። አንቺ ግን የአፈሩ ድምፅ ያመልጥሻል።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ እትዬ ጋ ወሰደችኝ። ያኔ ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ስለ በርበሬው ነገርኳቸው። አልሳቁም። «በርበሬ ለብቻው አይታሰርም ልጄ» አሉኝ። ወፍራም ወረቀት አወጡ። በርበሬውን መጀመሪያ በወረቀት ጠቀለሉት፣ ቀጥሎ በላስቲክ፣ ከዚያ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተቱት። በቀረው ክፍት ቦታ ድርቆሽ ጠቀጠቁበት። «እንዳይንቀሳቀስ ነው። የሚንቀሳቀስ ነው የሚፈነዳው።» ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን ፈሶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች ልመለስ። የሱቁ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወዴት ነው የሚለው ለወሬ አይደለም። አገሩ ምን ያስገባል፣ ምን አያስገባም ለማለት ነው። እትዬ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አላቸው። ከሚዛኑ ሥር ይቀመጣል። በየገጹ አናት ላይ የአገር ስም አለ። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፉ አጫጭር መስመሮች። ደንበኛ ከጉዞ ሲመለስ «እንዴት ነበር? ምን አለፈ? ምን ተያዘ?» ብለው ይጠይቃሉ። የተባሉትን ይጽፋሉ። «ስዊዘርላንድ፦ ቅቤ አይገባም። ቋንጣ አይገባም። ሽሮ ችግር የለም።» ይህ ትክክል ነው። ስዊዘርላንድም ሆነች የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ከእኛ አገር የሚነሳ መንገደኛ ለራሱ ምግብ ብሎ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲያስገባ አይፈቅዱም። ለጄኔቫ ስዘጋጅ ጭኮ ጠይቄያቸው ከለከሉኝ። ጭኮ በሶው በቅቤ ስለሚታሽ። «ናይሮቢ ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» ብለው በምትኩ በሶ በማር መከሩኝ።

የአሜሪካ ገጽ ላይ «ዱቄት በእጅ አይያዝ» የሚል አለ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ይህም እውነት ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል፤ ምንነቱ ካልተለየ ይቀራል። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ወደሚጫነው ሻንጣ። አዋዜ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። እትዬ እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። እሳቸው ግን አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ስለ ዓለም ያላቸው እውቀት በሙሉ ከደንበኞቻቸው አፍ የተለቀመ ነው። እኔ በሥራዬ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ። እንደዚያ ደብተር በጥንቃቄ የተያዘ ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ቀን የሚለው ነው። የእናቴ ስንቅ በፍቅር ስለሚቋጠር ይበዛል። የእትዬ ስንቅ በቀን ይቆጠራል። ለአንድ ምሽት አንድ እሽግ። ድርቆሹ፣ በሶው፣ ቆሎው ተለያይቶ ይታሸጋል። ይህ የሻንጣ ክብደት ላይ ትልቅ ለውጥ አለው። 23 ኪሎ ብዙ ይመስላል እንጂ የሥራ ሰነድ፣ ልብስና ጫማ ከገባበት በኋላ ለምግብ የሚቀረው ትንሽ ነው። የአሥራ ሁለት ቀን ስንቄ 4 ኪሎ አይሞላም። ባለፈው የከፈልኩት 2,350 ብር ነው። ቁሌቱ የራሴ ዕቃ ላይ ስለተሞላ ከዚያ ውስጥ የማሸጊያ አልነበረበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ እኔን ያሸነፈኝ ነው። ምድጃ አለ ወይስ የውሃ ማፍያ ብቻ? ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አለቃዬ የሆቴሉን ስም ነው የሚጠይቀኝ። ዘመድ ምን እንደማመጣ ነው የሚጠይቀኝ። እትዬ ማታ ክፍሌ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ያን ሲጠይቁኝ ማታ ማታ እዚያ ብቻዬን እንደምቀመጥ የገባው ሰው አገኘሁ።

ምድጃ ካለ ሽሮ ይሰጣሉ። ማፍያ ብቻ ከሆነ ሽሮ አይሰጡም፣ ብትለምኛቸውም። አንዳንድ ሰው ሽሮን በማፍያው ውስጥ ይሠራል። ሥሩ ይይዛል፣ ማፍያው ይበላሻል፣ ሽሮውም በደንብ ስለማይንተከተክ ሆድ ይነፋል። የሆቴሉ ዕቃ ነው፣ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ሻይ ሊያፈላበት ነው። እትዬ ይህን እንደ ነውር ነው የሚያዩት። ለማፍያ የሚሆነው ድርቆሽና በሶ ነው። በሶ ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ እሳት አይፈልግም። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ትጠጪያለሽ፣ ወይ በትንሽ ዘይትና በርበሬ ጭብጦ አድርገሽ ትበያለሽ። ጠዋት ለሥራ ስትሮጪ አንድ ብርጭቆ በሶ እስከ ምሳ ያደርሳል።

ድርቆሹን እንዴት እንደምበላው ልንገራችሁ። እትዬ ያሳዩኝ ነው። ቁሌቱ ቀይ ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ በዘይትና በበርበሬ የበሰለ ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል። መስኮት እከፍታለሁ፣ ሽታው መተላለፊያው ላይ እንዳይወጣ ከበሩ ሥር ፎጣ አደርጋለሁ። ክዳን ያለው ሳህኔ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ቁሌት፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ። አማስላለሁ። ድርቆሹን በእጄ ሰብሬ እጨምራለሁ። ሲሰበር ድምፅ አለው፣ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንዳለው። ክዳኑን ገጥሜ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ቶሎ ከተከፈተ መሃሉ ይደርቃል፣ ከዘገየ ይላቁጣል። ስከፍተው እንፋሎቱ ከእንጀራው እርሾ ሽታ ጋር ፊቴን ይመታዋል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሁልጊዜ ቆሜ ነው የምበላው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ እቀመጣለሁ።

የሰው አገር ምግብ እየናቅሁ አይደለም። ዳካር ላይ ቼቡጄን የሚባለውን ሩዝ በዓሣ ወድጄዋለሁ፤ ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ከአንድ ትልቅ ሳህን ዙሪያ ሲበላ የኛን ማዕድ ያስታውሳል። ሉሳካ ፍልሰታ ላይ ደርሼ ነበር። ጾሙን ሙሉ ምን እበላለሁ ብዬ ተጨንቄ ሄድኩ። እዚያ ቅጠል በለውዝ የሚሠራ ወጥ አላቸው፣ ከንሺማ ጋር ይበላል። የጾም ምግብ ሆኖ ተገኘ። የቅርንጫፉ ሒሳብ ሹም እንደምጾም ስታውቅ በየቀኑ ከቤቷ ታመጣልኝ ነበር። ምሳዬ በእሷ፣ እራቴ በእትዬ ሆነ። ስመለስ ይህን ነገርኳቸው። ደብተራቸው ላይ የዛምቢያ ገጽ ከፍተው «ለጾም ጥሩ አገር» ብለው ጻፉ።

አሁን የዚህን ሱቅ ትልቁን ነገር ልናገር። ስንቅ የሚያዘጋጁት ለሚሄደው ብቻ አይደለም።

ልጅ ያላት ሴት ለሥራ ወደ ውጭ ስትሄድ የምትሰማው ጥያቄ አለ። «ልጆቹን ለማን ጥለሽ ነው?» ጎረቤት ይላል፣ ዘመድ ይላል፣ አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ የማታውቂው ሰው ይላል። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። እኔ ስሄድ ልጆቼ ከአባታቸው ጋር ናቸው። ጥያለሁ ሳይሆን ትቻለሁ ነው የሚባለው፣ ለአባታቸው። ግን ጥያቄው ይቆያል። አውሮፕላን ውስጥ ይከተልሻል።

እትዬም ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ ያው መጣ ብዬ። «ለልጆቹስ ምን እንቋጥር?» ነበር ያሉት። መልስ አልነበረኝም። ትንሿ ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነው። «ስንት ቀን ነው ያልሽኝ? አሥር?» አሉና አሥር ትንንሽ የወረቀት ከረጢት አወጡ። እያንዳንዱ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ዳቦ ቆሎ። ሌላ አሥር ደግሞ ለእኔ። «ማታ ስትደውዪ እሷም ትክፈት፣ አንቺም ክፈቺ። ከረጢቱ ሲያልቅ እናቷ መጣች ማለት ነው።»

አራት ዓመት ልጅ ቀን መቁጠር አይገባትም። ከረጢት መቁጠር ግን ይገባታል። ከአልጋዋ አጠገብ መስኮቱ ላይ ትደረድራቸዋለች። ማታ አንዱን ታነሳለች። እኔም ስልኩን መብራቱ ሥር አቁሜ የኔን እከፍታለሁ። ብዙ አናወራም። ልጅ በስልክ ብዙ አያወራም። ስትቆረጥም እሰማታለሁ። አንዳንድ ማታ ጥሪው በሙሉ መቆርጠም ነው። ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቁጥሩንም ቀን መቁጠሪያውንም ታውቃለች። ከረጢቱን ግን አልተወችውም። ወንድሟ አሥራ ሁለት ሆኖ «የሕፃን ነገር ነው» ይላል፤ ባለቤቴ እንደነገረኝ ማታ ማታ የእሷን ይካፈላል።

ዳካር ስሄድ ይህ ነገር ይከብዳል። እዚያ ሰዓቱ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ልጄ ከምሽቱ 2:30 ላይ ልትተኛ ስትል እኔ ጋ ገና ከቀኑ 11:30 ነው፣ ቢሮ ነኝ። ስለዚህ አንዷን ከረጢት በቦርሳዬ ይዤ እውላለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ከስብሰባ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ደረጃው እወጣለሁ። አሥር ደቂቃ። የዳካሩ ቡድን አሁን ለምዶታል፣ ሰዓቱ ሲቃረብ እነሱ ናቸው በዓይናቸው በሩን የሚያሳዩኝ።

መጋቢት 2016 ላይ ሦስት ሳምንት ካምፓላ ነበርኩ። ስመለስ በማግስቱ እትዬን ላመሰግን ዶሮ ማነቂያ ሄድኩ። ሰፈሩ የለም። መፍረሱን በዜና ሰምቼ ነበር፤ መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው። የቆምኩበት ቦታ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። የነበረው የአስፋልት መታጠፊያ፣ የጫማ ጠጋኙ ጥላ፣ የእትዬ በር፣ ሁሉም አፈር ሆኖ ተስተካክሏል። ከውጭ የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንተ በሌለህበት ከተማው አይጠብቅህም። ሌላው ሰው ቀን በቀን እያየ ተሰናብቶታል። አንተ በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቅብህ። የእትዬ ስልክ አልነበረኝም። ስልካቸውን ጠይቄ ባለማወቄ ብዙ ተቆጨሁ።

አራት ወር ያህል ከሌላ ቦታ ገዛሁ። ጥሩ ዕቃ ነበር። ማንም ግን ማፍያ ይሁን ምድጃ አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ያቺ የሥራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «አራት ኪሎ አገኘኋቸው!» አለች። በማግስቱ በምሳ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ከቀድሞው ግማሹን አይሆንም። ሚዛኑ ግን ያው ነው። ደብተሩም ከሥሩ አለ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝና «ካምፓላ እንዴት ነበር?» አሉ። አልረሱትም።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር፤ ያለዚያ ሐቀኛ አልሆንም።

ዋጋ አልተለጠፈም። እትዬ ሰው አይበድሉም፣ ግን አዲስ ደንበኛ የመጀመሪያ ቀን ይሳቀቃል። ደረሰኝ የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ አሁን ለእኔ ሳልጠይቅ ይቆርጣሉ፤ ለሁሉም እንዲሆን እፈልጋለሁ። በክረምት የሚሠራውን ድርቆሽ በጥንቃቄ ውሰዱ። ፀሐይ በሌለበት ወር ድርቆሽ በደንብ አይደርቅም፤ መሃሉ ላይ ትንሽ እርጥበት ከቀረ በሳምንቱ ይሻግታል። ባለፈው ሐምሌ ከወሰድኩት ሁለት እሽግ ተበላሽቶብኝ ጣልኩ። ስነግራቸው ሳይከራከሩ ተኩ። ቢሆንም እራት ያጣሁት ሰው አገር ነበር። በክረምት ከሆነ ጉዟችሁ እዚያው አንዱን ስበሩና እዩ። ጠቅ ካላለ አትውሰዱ።

ሌላው ወረፋው ነው። የበዓል ሰሞን አትሂዱ። ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ነው የሚወስዱት፣ ጥያቄው አለ፣ ደብተሩ አለ፣ ማሸጉ አለ። ከኋላ የቆመ ሰው ይነጫነጫል። ቢያንስ ከጉዞው አራት ቀን በፊት መናገር ይሻላል። እሑድ ዝግ ነው። ሚጥሚጣቸው ለእኔ ከመጠን በላይ ይደቃል፣ ይህ ግን የየሰው ምርጫ ነው።

ቡና አይሸጡም። ለምሄድበት ቢሮ በስጦታ የምወስደውን የተቆላ ቡና ከፒያሳው ቶሞካ ነው የምገዛው። ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ፓኬቱም ለስጦታ ይሆናል። ከእትዬ ጋ እስከዚያ በእግር ይኬዳል፣ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ምሳ ሰዓት እጨርሳለሁ።

ባለፈው ግንቦት ዳካር የሄድኩት ለአሥራ ስምንት ቀን ነበር። አሥራ ስምንት ከረጢት ቤት፣ አሥራ ስምንት በሻንጣዬ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሥራው አላለቀም ተባለ። አራት ቀን ተጨመረ። እኔ ያሰብኩት ስለ ትኬቱና ስለ ሪፖርቱ ነው። ስለ ከረጢቱ ያሰብኩት አሥራ ስምንተኛው ማታ ልጄ ባዶውን መስኮት በስልኩ ስታሳየኝ ነው። አላለቀሰችም። «እማዬ አልቋል እኮ» አለች። «አልቋል እኮ።» ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

በማግስቱ ባለቤቴ እጇን ይዞ እትዬ ጋ ወሰዳት። የሆነውን እሱ አልተናገረም፤ ራሷ ተናገረች። እትዬ ከሚዛኑ ኋላ ወጥተው ከበርጩማቸው ላይ አስቀመጧት። አራት ከረጢት ሞሉ። እንድትቆጥር ሰጧት። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው የሴኔጋልን ገጽ ገለጡና እሷ እያየች «ቀን ይጨምራል» ብለው ጻፉ። ገንዘብ አልተቀበሉም። እኔ ተመልሼ ልከፍል ብሄድ «የልጅቷ ነው፣ አንቺን አይመለከትም» አሉኝ።

የፊታችን ማክሰኞ ሉሳካ እሄዳለሁ። ትናንት ሄጄ ነገርኳቸው።

«ስንት ቀን?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

አሥራ ሁለት ከረጢት ደረደሩ። ቀጥለው ሦስት ሌላ ሞሉ፣ በቀይ ክር ለብቻ አሰሩና ወደ እኔ ገፉት። «ይህን ለአባቷ ስጪው። ይደብቀው።»